ያልተቆረጠው ሽቦ

አምባዬ ከሸዋ ወደ ኢሉባቦር የመጣው የስልክ ሽቦ ከሚዘረጉት ሰዎች ጋር ምሰሶ ተሸክሞ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ ግን ሀረገወይንን አግብቶ መቱ ቀረና የስልክ ቤቱ ጠባቂ ሆነ። ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጎሬ ሲደወል ያነሣል፣ የተባለውን ለሹሙ ያደርሳል፣ ሽቦ ሲበጠስ ወጥቶ ይቀጥላል። ከሚወድቅ ዛፍ ጋርም ከመብረቅም ከዝንጀሮም ታግሏል። በግንቦት ሰባት ቀን ፲፱፻፲፫ የደረሰበት ዓይነት ነገር ግን ገጥሞት አያውቅም።

እሑድ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። አምባዬ መስሚያውን አንሥቶ «ሃሎ፣ ጎሬ!» አለ። የሚመልስለት ሰው የለም። ጆሮው ውስጥ የገባው የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚሰማው ዓይነት ቸስታ ነበር። መስሚያውን ሲሰቅለው ደወሉ ወዲያው እንደገና ጮኸ። ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ሊያጠብቅ ሲነካው ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ ነዘረው። ውጭ ዝናብም መብረቅም የለም፤ ያለው ጉም ብቻ ነው።

«አምባዬ፣ ና እስቲ ውጣ!» ብላ ሀረገወይን ከደጅ ተጣራች። ፀሐይ በጉሙ ውስጥ ደብዝዛ እንደ ጨረቃ በዓይን ትታያለች። «መሐሏ አካባቢ ጥቁር ነገር አይታይህም?»

አየ። ዝንብ የሚያህል ነቁጥ ነበረባት። አማተበና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግራዝማች ወልደ ማርያም መጡ። የከተማው ሹም ናቸው፤ ከጎሬ አስቸኳይ ቃል ይጠብቁ ነበር። መስሚያውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቢያዳምጡ ቢያዳምጡ ከቸስታው በቀር ምንም አልሰሙም።

«ሽቦው ተቆርጧል» አሉ።

«ጌታዬ፣ የተቆረጠ ሽቦ ዝም ነው የሚለው። ይሄ እየጮኸ ነው።»

«ጮኸም ዝም አለም ለኔ ያው ነው። ጎሬን አላገናኘኝም።»

የሚጠረጥሩት ሰውም ነበራቸው። ሶር ወንዝ አጠገብ ንብ የሚያነቡት ኦቦ ቱሉ፣ አምና ዛፍ የበጠሰውን ቁራጭ ሽቦ ከመሬት አንሥተው ቀፎ አስረውበት ተገኝተው ነበር። ወታደሮች ሄደው ሽማግሌውን የፊጥኝ አስረው አመጧቸው። «አኒ ሂንሙርሬ! እኔ አልቆረጥኩም!» እያሉ በሁለቱም ቋንቋ ቢጮኹ የሚሰማቸው አላገኙም። ግራዝማች ነገ በሰንሰለት ወደ ጎሬ እንዲወሰዱ አዘዙ። የመንግሥት ሽቦ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ መቱ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አምባዬ ከኦቦ ቱሉ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረውም። ሽቦውን ግን ያውቀዋል። ያ ክንዱን የነዘረው ነገር የሰው እጅ ሥራ እንዳልሆነ ልቡ ነግሮታል፤ እሱ ዝም ካለ ይህን ሊናገር የሚችል ሌላ ሰው በከተማው የለም።

«ጌታዬ፣ የዛሬን ቀን ይስጡኝ» አለ። «ከዚህ እስከ ጎሬ በሽቦው ሥር እሄዳለሁ። የተቆረጠ ካገኘሁ ቁራጩን ይዤ እመጣለሁ። ካላገኘሁ ሰውየው ይፈቱ።»

«ራስህ ቀጥለኸው አልተቆረጠም ብትለኝስ?»

«ከሰዎችዎ የሚያምኑትን ምስክር ይስጡኝ።»

ግራዝማች ትንሽ አሰቡና ምንዳዬ የሚባለውን ወታደራቸውን ጠሩ። ምንዳዬ ቱሉን ካሰሩት አንዱ ነበር፤ ጥፋተኛ መሆናቸውንም አይጠራጠርም። አምባዬ ሀረገወይንን «ከስልኩ አትራቂ» ብሎ አስጠንቅቋት ወጣ።

ከምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ ዓይናቸውን ሽቦው ላይ ተክለው ሄዱ። ሶርን ሲሻገሩ ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ከወንዙ ማዶ ጫካው ውስጥ ሐረግ ሽቦውን እየሸፈነው አልታይ ሲል አምባዬ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ሐረጉን በማጭድ እየቆረጠ ያያል፣ ይወርዳል። በሦስተኛው ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ተሰብሮበት ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ።

ምንዳዬ እግሩን አየና «ይበቃል እንግዲህ» አለ። «ግማሹን አይተናል። አልተቆረጠም እላለሁ።»

«ግራዝማች ያላየኸውን ግማሽ ቢጠይቁህስ?» አምባዬ ነጠላውን ቀድዶ እግሩን አሰረና ተነሣ። «ሁሉንም አይተህ ነው የምትናገረው።»

ምንዳዬ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ቀጥሎ የመጡትን ዛፎች ራሱ ወጣ።

ጎሬ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። የጎሬው ስልከኛ ሙሉብርሃን ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ ሙሉብርሃን፣ ሽቦው አንድም ቦታ አልተቆረጠም» አለ አምባዬ።

«የናንተ ብቻ መሰለህ? ወደ ጋምቤላ የሚወርደውም በዚያችው ሰዓት ነው መጮኽ የጀመረው። ይኸው ጣቴን አቃጠለኝ። ከቀትር ወዲህ ነው ረገብ ያለው።»

አምባዬ ምንዳዬን ዞር ብሎ አየው። ሁለት መስመር፣ በሁለት አቅጣጫ፣ በአንድ ሰዓት። ከዚያ መቱን ለመጥራት የስልኩን መዘውር አዞረ።

«ሃሎ!» አለች ሀረገወይን፤ ድምፅዋ ከቸስታው ውስጥ ቀጥኖ መጣ። ግራዝማችን አስጠራችለት። መስሚያውን ለምንዳዬ ሰጠው።

«ጌታዬ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ምንዳዬ እየጮኸ። «አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም። የጋምቤላውም እንዲሁ ሆኖ ነው የዋለው። ሰውየው ምንም አላጠፉም።»

ግራዝማች «ፍቱት» ሲሉ አምባዬ ከምንዳዬ ጎን ሆኖ ሰማ፤ መሬት ላይ ተቀምጦም እግሩን ያሰረበትን ጨርቅ ፈታ።

በማግሥቱ እያነከሰ ሲመለስ ኦቦ ቱሉ ሶር ዳር ቆመው ጠበቁት። የገመዱ ሰንበር ከእጃቸው ላይ አልጠፋም። «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ትከሻውን ሳሙት፤ ከዚያም መጥረቢያቸውን አሳዩት። «ሽቦው የሚያልፍበትን ጫካ ልመነጥረው ነው። ሐረግ በነካው ቁጥር ወታደሮቹ የሚመጡት እኔ ጋ ነው።» አምባዬ እግሩ እንደ ዳነለት አብሯቸው መነጠረ።

በኅዳር ወር መስመሩን ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነገሩን ገለጠላቸው። ፀሐይ ላይ ትልልቅ ነቁጥ ሲወጣ አንዳንድ ጊዜ ትፈነዳለች፤ ከእሷ የሚወረወረው ኃይል ምድር ሲደርስ በረጅም ሽቦ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል። በዚያ ቀን በሩቅ አገር የስልክ ቤት እስከ መቃጠል ደርሷል አለ።

አምባዬ ይህን ለኦቦ ቱሉ ሲነግራቸው አልሳቁም፣ አልተደነቁም።

«እንደገና ይመጣል?» ብለው ጠየቁት።

«ይመጣል ብሏል። መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም።»

«እንግዲያው ሳይመጣ በፊት ለግራዝማች ንገራቸው።»

አምባዬ በዚያው ቀን ሄዶ ነገራቸው። ግራዝማች ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ጸሐፊያቸውን ጠርተው ግን፣ ከእንግዲህ ሽቦ አልናገር ሲል መስመሩ በእግር ሳይታይ ማንም ሰው እንዳይታሰር አስጻፉ፤ ማኅተማቸውንም አኖሩበት።