የውኃ ላይ ድንበር

ውኃ ላይ ድንበር አስምረው የተጣሉ ሰዎች አይታችሁ ከሆነ እኔንና ዋርሳዬን ባጃልን አይታችኋል ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተጣላን። በሁለት ክንድ ውኃ። የሚስቅ ይሳቅ፣ ግድ የለኝም። ከውኃው ሥር ያለው ማሳ የባሌ ነው፤ የባሌን ማሳ ደግሞ የገዛ ወንድሙም ቢሆን አይነካብኝም።

ኩባንያው የድንጋይ ከሰል አገኘሁ ብሎ የመንደራችንን የሩዝ ማሳ ሲወስድ እኔ ገና አግብቼ መምጣቴ ነበር። ለባሌ ሥራ ሰጡት። ሥራው ምን መሰላችሁ? ቁፋሮ። የአባቱን ማሳ በደመወዝ ቆፈረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆፈረና ከሰሉ አለቀ፤ ኩባንያው ማሽኑን ጭኖ ሄደ፣ ባሌም በደረቀ ሳንባ ቤት ገብቶ ሲያስል ከርሞ ሞተብኝ። ጉድጓዱን የደፈነው የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ እየሞላው ሐይቅ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ነው መንደሩ መክሮ ዓሣ እናርባ ያለው። አንድ የዓሣ ባለሙያ ከከተማ መጥቶ ቀርከሃና ባዶ በርሜል አስተሳስረን መረብ ከሥሩ ማንጠልጠል አስተማረን። እኛ በረት እንለዋለን። አንዱ በረት አራት ክፍል አለው፣ ክፍሎቹ በገመድ የተያያዙ ናቸው። ባለሙያው፣ "ሁሉንም ጥልቁ ጥግ ላይ ደርድሯቸው፣ ለጥበቃም መኖ ለመስጠትም ይመቻችኋል" አለን። እውነቱን ነበር። እኛ ግን አሻፈረን አልን። እንዴት ብዬ ነው ዓሣዬን በሰው ማሳ ላይ የማረባው?

የመንደሩ አለቃ አባባ ቹርካ ውኃ የዋጣቸውን ሠላሳ አንዱንም ማሳ በየስሙ ያውቃል። ዳር ላይ ቆሞ ከአማልክቱ ዛፎች እስከ ኩባንያው አሮጌ ጭስ ማውጫ በዓይኑ እየለካ፣ "ቀኝ፣ ትንሽ ቀኝ፣ እዚያ ጋ እሰሩት" እያለ በረት የሠራነውን ዘጠኛችንንም በየማሳችን ላይ አሰፈረን። ባለሙያው እንዲህ ያለ ዕብደት አይቼ አላውቅም ብሎ ሄደ። የኔ በረት ሸክላው በሚባለው በባሌ ማሳ ላይ ታሰረ። የባጃል ከጎኔ ነው። ታዲያ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሱ በርሜል ሁለት ክንድ ወደኔ ይገባል። "ነፋስ ነው እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ" ይላል። ነፋሱ ለምን ወደሱ እንደማይነፍስ እስካሁን አልነገረኝም። እኔም በየማለዳው ድንበር ገፊ እያልኩ ስሰድበው ከረምኩ።

ከበረቱም በፊት ጀምረን፣ ጉድጓዱ ይመለስልን እያልን ስድስት ዓመት አቤቱታ ስናመላልስ ቆይተን አንድ ቀን ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ይዞት የመጣው ፓትናይክ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ልጅ እግር፣ ጫማው እንዳይቆሽሽ እየዘለለ የሚራመድ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በረት ያለበት የውኃው ክፍል ለመንደሩ ይሰጣል፤ በረት የሌለበት ከሰል በሚያነደው የኤሌክትሪክ ማመንጫ አመድ ይሞላል። ኢንጂነሩ ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ በመሃል ቀይ መስመር አሰመረ። መስመሩ በኔና በባጃል መካከል አለፈ። ከመስመሩ በስተደቡብ ስምንት በረት፣ በስተሰሜን የኔ ብቻ። የሰሜኑ ባለማሳዎች ጡብ ሊሠሩ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊገቡ አገር ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል።

"ይቺ ሴትዮ በረቷን ወደ ደቡብ ትሳብና እዚህ ላይ ትፈርም። በአሥራ አምስት ቀን አመዱ ይመጣል" አለ።

"ይቺ ሴትዮ ስም አላት። ሳልጌ እባላለሁ፤ በዕድሜም እናትህ እሆናለሁ። አልፈርምም" አልኩት።

እሱ እንደሄደ መንደሩ በሙሉ እኔ ላይ ዞረ። አባባ ቹርካ ጎኔ ቁጭ ብሎ በለሆሳስ፣ "ልጄ፣ አንድ በረት ነው። ብታነሺው ግማሹ ውኃ ይተርፈናል፤ ካልፈረምሽ ግን ሁሉንም ሊከለክሉን ይችላሉ" አለኝ።

"አባባ፣ አመድ ቀዩን መስመር አይቶ የሚቆም ይመስልሃል? ዛሬ የኔን ከሞላ በክረምቱ የናንተን ዓሣ ይጨርሳል።"

"እሱን ያኔ እናያለን።"

"ያኔማ ምን ይታያል፣ ዓሣው በጀርባው ሲንሳፈፍ?"

ባጃል የሩዝ ጠላውን እየተጎነጨ ነበር። "እኔ ቅር አይለኝም፣ እትዬ ወደ ማሳዬ ትምጣ። ሁለት ክንድ ብቻ ራቅ ትበልልኝ" አለ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ወደቀ።  የባሌ ወንድም ነው እንዲህ የሚለው። እግሬን ብትቆርጡኝም አልነሳም አልኳቸውና ጥያቸው ሄድኩ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ገልባጭ መኪኖቹ መጡ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ሁሉም አመድ ሞልተው በሰሜኑ አፋፍ ላይ ተደረደሩ። እኔ ጎህ ሲቀድ ነው በጀልባ ሄጄ በረቴ ላይ የተቀመጥኩት፤ ሩዜን በቃሪያ ይዣለሁ፣ ጃንጥላ ይዣለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ።  ግን ባሌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወረደበት ጉድጓድ ነው፤ እኔ አንድ ቀን ብቀመጥበት ምን እሆናለሁ?

ኢንጂነሩ በድምፅ ማጉያ፣ "ሳልጌ፣ አደጋ ላይ ነሽ፣ ውጪ" ይላል። እኔ ሩዜን እበላለሁ። ሲደጋግመው ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ያኔ ነው ባጃል ገመዱን ሲፈታ ያየሁት። በጀልባው ሆኖ በረቱን እየጎተተ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ቀዩ መስመር አለበት የተባለውን አልፎ መጣና በረቱን ከኔ በረት ጋር አጋጨው።

"ምን ፈለግህ አንተ?" አልኩት።

"ድንበር ልገፋ መጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተሰደብኩበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ልሥራው እንጂ።"

"ማን ና አለህ?"

"ነፋስ ነው እትዬ። እኔ ምን ላድርግ።"

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ገመዱን ማሰር ቀጠለ። ከኋላው ሌሎቹ ተከተሉ። ሰባቱም በረታቸውን ፈተው እየተሳደቡ፣ በመቅዘፊያ እየተጋጩ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ዘጠኙም በረት ሰሜን ላይ ሰፈረ። ጎበዝ፣ አሸነፍን ብለን ተቃቀፍን።

 ኢንጂነሩ ካርታውን ገለበጠና በማጉያው፣ "ጥሩ፤ እንግዲህ ደቡቡ ባዶ ነው" አለ። እጁን ሲያወዛውዝ ገልባጮቹ ሞተራቸውን አስነስተው ወደ ደቡቡ አፋፍ መዞር ጀመሩ።

ጉድ ፈላ። ሁሉም እርስ በርስ መወነጃጀል ያዘ። "አንተ ነህ ያመጣኸን"፣ "አንቺ ነሽ ያስጀመርሽው"። ባጃል ወደ ደቡብ ዞሮ ባዶ ያስቀረውን ማሳውን ያያል። ለኔ ብሎ ነው ለአመድ ያጋለጠው። እንዲህ ያለ ውለታ እንዴት ይሸከሙታል? ዓይኔን ሰብሬ ቁልቁል ሳይ ያየሁት ገመዱን ነው፤ አራቱን ክፍሎች የሚያያይዘውን።

"ፍቱት" አልኩ።

"ምኑን?" አለ ባጃል።

"በረቱን። አንዱ አራት ክፍል ነው፤ የዘጠኙ ሠላሳ ስድስት ይሆናል። ማሳው ደግሞ ሠላሳ አንድ ነው። በእያንዳንዱ ማሳ ላይ አንድ አንድ ክፍል እንሰር። የትኛውን ባዶ እንደሚለው እናያለን።"

"በሰው ማሳ ላይ?" አለች አንዷ።

"በሰው ማሳ ላይ" አልኩ እኔው ራሴ፣ በሁለት ክንድ ውኃ ስጮህ የከረምኩት።

ለገልባጭ አመዱን ጭኖ በዚያ ጠባብ ጠርዝ መዞር ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ ተቀርቅረው መንገዱን ዘጉት፣ እሱ ረዳን። አባባ ቹርካ በሰማንያ ዓመቱ የማንጎ ግንድ ላይ ወጥቶ የማሳዎቹን ስም ይጠራ ጀመር። "የቀበሮው!" ሲል አንዱ ጀልባ ይሄዳል። "ድንጋያማው!" ሲል ሌላው። አገር ለቀው የሄዱትን ሰዎች ስም እየጨመረ ጠራ፤ አንዳንዱን ስም ከሰማሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሽማግሌው ከየቤቱ ወጥቶ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ አንድ ሰው ተቀመጠ።

የኔን ሦስት ክፍሎች ሌሎች ወሰዷቸው። ሸክላው ላይ፣ በባሌ ማሳ ላይ፣ የቀረው የባጃል አንድ ክፍል ነው። አራተኛውን ክፍሌን እኔ እየጎተትኩ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሄድኩ፣ ቂስኩ የሚባሉት ቤተሰቦች ማሳ ወደነበረበት። አማቴ ከነሱ ጋር በድንበር ተካሶ ክሱ ሳያልቅ የሞተበት ማሳ ነው። ከራሴ በላይ መንገድ ተዘግቶባቸው የቀሩ አራት ገልባጮች ቆመዋል፤ የአመዱ ብናኝ ፀጉሬ ላይ ይወርዳል።

ኢንጂነሩ ካርታውን ይዞ ዳር ዳሩን ዞረ። ይቆጥራል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይቆጥራል። ፀሐይ አናቱን እየበላችው ከኔ በላይ ሲደርስ ቆመ። ማጉያውን ትቶ በራሱ ድምፅ ጠየቀኝ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ።"

"ያ ቀጥሎ ያለውስ?"

"የኔ።"

"ያኛውስ? የሌላ ሰው ስም ነው እዚህ ያለው።"

"የኔ ነው አልኩህ።"

ካርታውን አገላብጦ አየና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አደረገ። "የአንቺ ማሳ እኮ በወረቀቱ ላይ መሃል ነው ያለው። ሸክላው የሚባለው። በሱ ምክንያት አይደል ይሄ ሁሉ?"

ዞሬ አየሁ። ባጃል ሸክላው ላይ ተቀምጦ ለዓሣው መኖ ይበትናል።

"እሱን ለዋርሳዬ ሰጥቼዋለሁ" አልኩት።

አንገቴን አልደፋሁም። ኢንጂነሩ ባዶ የሚለው ቦታ አጥቶ ካርታውን ጠቀለለ። ለሾፌሮቹ አንድ ነገር አላቸው። ገልባጮቹ አመዳቸውን እንደተሸከሙ አንድ በአንድ ኋሊት ወጡ። እኔ ከዚያ ክፍል አልወረድኩም፤ ተመልሰው ከመጡ እዚያው ያገኙኛል።