የሰርኬ አፍንጫ

«ዱሬቲ ቅቤ ላይ ሙዝ ትደባልቃለች።»

ሰርኬ ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ በሹክሹክታ የተነገረ ወሬ ሩቅ እንደሚሄድ ታውቃለች። ለሥጋ ሻጩ ነገረች፣ ለታክሲ ተራ አስከባሪው ነገረች፣ ቅቤ ገዝታ ለማታውቅ ፀጉር ሠሪ ሳይቀር ነገረች። አየር ጤና ላይ ደግሞ ሰርኬ ቅቤ ነው ካለች ቅቤ ነው፣ አይደለም ካለች አይደለም። የሰፈሩ ሰው ሌላ ቦታ የገዛውን እንኳ እያመጣ አፍንጫዋ ሥር ያስጠጋላት ነበር።

ዱሬቲ ከሆለታ ቅቤ እያመጣች ከጎኗ መደብ የያዘች ወጣት ናት። ሰርኬ ዐይኗን ከእሷ ላይ መንቀል ካቃታት ሰንብቷል። ቅቤዋን ለምንድነው ሁልጊዜ በኮባ የምትሸፍነው? ብቻዋን ምን ያስቃታል? አንድ ቀን ከመደቧ ሥር የሙዝ ልጣጭ ስታይ ጉዳዩ አለቀ። ለምሳዋ በዳቦ በልታው ይሆናል ብሎ ማሰብ ለሞኝ ነው።

ለነገሩ ሰርኬ ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ያልተበላሸ ነገር አላገኘችም። ቡናው ገብስ ሆኗል፣ ኮረሪማው ገለባ፣ ሳሙናው እንኳ ሽታ የለውም። «ዘመኑ ነው፤ ሁሉም ሌባ ሆነ» ትላለች። የራሷን ቅቤ ግን አታሸትም። ከአገር ቤት የወንድሟ ሚስት የላከችውን ማሽተት ወንድምን መጠርጠር ነው።

የክትፎ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ወልደሰንበት መጡ። የዱሬቲ ዋና ደንበኛ ናቸው፤ እሳቸው ከቀሩ መደቡም አይቆይም።

«ሰርኬ፣ እስቲ ፍረጂን» አሉ፣ ከዱሬቲ ቅቤ ቆንጥረው።

ሰርኬ በእጇ ጀርባ ላይ አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ቅቤ ቢሆን ኖሮ ራሱ ይናገር ነበር።»

ጋሽ ወልደሰንበትም አሸተቱ። የሆነ ነገር የሸተታቸው መሰሉ፤ በሰርኬ አፍንጫ ፊት የራሳቸውን ማመን ግን ድፍረት ሆነባቸው። «አንቺ ካልሽ እንግዲህ» አሉ።

«እትዬ ሰርኬ፣ እሳት ይፍረድ፤ ያንጥሩትና ይዩት» አለች ዱሬቲ። ሙዝ ያለበት ቅቤ ሲነጠር ድስት ሥር እንደሚጋገር ሁለቱም ያውቃሉ።

«አፍንጫዬ እያለ ምን ከሰል አስጨረሰኝ?»

ዱሬቲ አንድ ድቡልቡል ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ሰርኬ መደብ ላይ አስቀመጠች። «ሲመችዎ ያንጥሩት።»

ዱሬቲ ለጥምቀት ገበያ አልደረሰችም። መደቧን የስልክ ሽፋን ሻጭ ያዘው፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

ጥቅልሉ ግን ሰርኬን አላስቀምጥ አላት። ማንም ሳይጠይቃት፣ ልጣጩ የዳቦ ማባያ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ እየመጣ ይቆነጥጣት ጀመር። በመጨረሻ «አንጥሬ ጉዷን ለሰው ሁሉ አሳያለሁ» ብላ መደቧ ጓሮ ከሰል አያያዘች፤ ኮሰረትም ጣል አደረገችበት። ቅቤው ቀለጠ፣ ጠራ። ሥሩን በማንኪያ ብትፈልግ የተጋገረ ነገር የለም።

«ብልጥ ናት» አለች በሆዷ፤ «የማይጋገር ሙዝ አግኝታለች።»

ይሄኔ ማዶ ቅመም የምትሸጠው ሃፊዛ እየሳቀች መጣች።

«ሰርኬ፣ ምነው ሰው ታስጎመዣለሽ? ሽታው ፌርማታው ድረስ ደርሷል እኮ። የማን ቅቤ ነው እንዲህ የሚያውደው?»

ሰርኬ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። እንፋሎቱ ፊቷን ለበለባት፤ ሌላ ምንም አልነበረም።