አጠር ያለችዋን አምጣ

«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ሰው እየታረደ ነው?» አሉ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የስቱዲዮውን ወለል በከዘራቸው እየወጉ። «አራት እሑድ ሙሉ ታገስኩ!»

«ፓንክ ይባላል፣ ጋሼ።»

«ስሙን ማን ጠየቀህ? የሰው አርባ ተነግሮ ሳያበቃ እንዲህ ያለ ጩኸት!»

«ወይዘሮ ገነት እኮ ወደውታል።»

«ገነት ሐዘን ላይ ናት! የወደደችውንና የጠላችውን መቼ ታውቃለች?»

ዘፈን አጫዋቹ ክፍሌ ዲስኩን ወደ ሽፋኑ መለሰ። ጋሼ የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው። በፈረንጆቹ ሬዲዮ የምትተላለፈው የእሑዷ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም የእድሩ ስለሆነች እሱን ማንሳትም ማስቀመጥም በእጃቸው ነው። ክፍሌ ደግሞ ስድስቱን ቀን መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው ለዚያች አንድ ሰዓት ብሎ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ትዝታና አምባሰል ሲያሰማ ኖሯል። በ2009 መከር ላይ ግን ከእሱ በፊት ስቱዲዮ የሚገባው ፈረንጅ አጫዋች ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ረስቶ ወጣ። የአቶ ወንዳፍራሽ አርባ ማስታወቂያ እንደተነበበ ክፍሌ ዋሽንት ይከተላል ብሎ ቁልፉን ቢጫነው ከበሮው እንደ ባዶ በርሜል ተንጓጓ፤ አንድ ጎረምሳም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። መሣሪያው የተበላሸ መሰለው። ሊያጠፋው እጁን ሰደደ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ልጁ መዝፈን አይችልም፤ አለመቻሉንም አልደበቀም። ክፍሌ ዕድሜውን ሁሉ ድምፀ መልካም ሰው ሲያለቅስ ሰምቷል፤ እንዲህ ከልቡ የተናደደ ሰው ግን ሰምቶ አያውቅም።

ወዲያው የሟች ሚስት ወይዘሮ ገነት ኮል አደረጉ። «ወንዴን እኮ ነው ያመጣህብኝ! ትራፊክ ሲይዘው ልክ እንደዚህ ነበር» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ካለ ዲስክ መሸጫ አይጠፋም። ትዝታ ሲከፈት ያዛጋው ጀመር።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ሌላ ማጫወት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ከፈለጉ ያስወጡኝ።»

ጋሼ ሊያስወጡት አፋቸውን ከፈቱ። ማስታወቂያ አንባቢዋ ፋንታዬ ግን ከሰዓቷ ላይ ቀና አለች።

«አንድ ደቂቃ ከሃምሳ» አለች።

«ምኑ?»

«ዘፈኑ። ትዝታው ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። ድሮ ከአሥራ ሁለት ማስታወቂያ አልፌ አላውቅም፤ ዛሬ ሠላሳ አንድ አነበብኩ። ለሳምንት ያደረ የለም።»

ከዘራው ቆመ። ጋሼ ማስታወቂያዬ አልተነበበም ብሎ የተቀየማቸውን ሰው ሁሉ አሰቡ።

«ኦኬ» አሉ። «ለመሆኑ እነዚህ ጯሂዎች ከዚህ ያጠረ አላቸው?»

አላቸው። ክፍሌ የሃምሳ ሰከንድ አመጣ፤ ቀጥሎ የሠላሳ። ኮሚቴው በአጀንዳ ይዞ ተወያየበት፤ ጩኸቱ ይቀጥል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የሚባክነው ጊዜ ግን ይታሰብበት ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «የዛሬዋ ረዘመች» እያሉ ይወቅሱት ጀመር። አንድም ሰው በጩኸቱ አልተቆጣም። ይህ ክፍሌን ከስድቡ ይበልጥ ከበደው።

በግንቦት አንድ እሑድ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሻትሉ ውስጥ ደጋግሞ የሰማትን ዘፈን ይዞ ገባ።

«አሥራ አንድ ሰከንድ አለችህ» አለችው ፋንታዬ።

«ይቺ አራት ደቂቃ ናት። አንዴ ብቻ፣ እስከ መጨረሻዋ ትሰማልኝ።»

«አራት?» አሉ ጋሼ። «አንተ ልጅ፣ በአራት ደቂቃ ስንት ሰው አርባ ይወጣለታል!»

ዘፈኗን ከፈታት። ጊታሩ ተነሳ፤ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ፋንታዬ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ወረቀቷን ሳበች።

ክፍሌ ማዳመጫውን አወለቀ። ዲስኩን ከማጫወቻው አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ጃኬቱን ለበሰ። ጋሼ ዓይናቸውን ከማስታወቂያዎቹ ሳያነሱ ማለፊያ እንዲያገኝ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉለት።

«ቱክዊላ ውስጥ፣» ፋንታዬ ማንበቧን ቀጠለች፣ «ፓርኪንግ ያለው አንድ ክፍል የሚከራይ ሲሆን፣ አውቶቡስ በደጁ ያልፋል።»