አለቃ ዛሬ ምን በላ?

«እናቴ ስትበላ ለመጨረሻ ጊዜ በዓይንዎ ያዩዋት መቼ ነው?»

ጎረቤቲቱ የሻይ ብርጭቆውን አፏ ሳታደርስ ቀረች። ለቅሶ ልትደርስ እንጂ ምስክርነት ልትሰጥ አልመጣችም።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? እንደ ሰው ትበላ አልነበር እንዴ?»

«መብላቷን አልጠየቅኩም። ማንኪያው አፏ ሲገባ ያዩት መቼ ነው?»

«ጥድፌ!» አለች አክስቷ ከጓዳው በር ላይ፣ ለእንግዳ የሚሆን ፈገግታ እየፈገገች። «ነይ እስቲ አንዴ።»

ጓዳው ውስጥ ፈገግታው ጠፋ።

«ሰው ሊያጽናናሽ በመጣ ፖሊስ ትሆኚበታለሽ? ትናንት ያንን ምስኪን ጨርቅ ነጋዴ አስለቀስሽው።»

«ያልቅስ። ለቅሶ ቤት አይደል?»

«ምላስሽ!»

«አክስቴ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት።»

ጥድፌ የተባለችው በሰባት ወሯ ስለተወለደች ነው። እናቷ «ይቺ ልጅ ዘጠኙን ወር መጠበቅ አቃታት» ብላ ያወጣችላት የቀልድ ስም ነበር፤ አድጋም ወረፋ የማትወድ፣ የሰው ንግግር ከመሃል የምትቀጥል ሆና ስሙን አላሳፈረችውም። አሁን ግን መጠበቅ ካልቻለችው ነገር ሁሉ የባሰው ይሄ ነው፤ አንድ ጥያቄ ይዛ መልሱን የሚያውቅ ሰው ማጣት።

ጥያቄው የእሷ አልነበረም፤ የሐኪሙ ነበር። የእናቷን ሞት ሰምታ ከሌላ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ በደረሰችበት ቀን ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ፣ «ጉሮሮዋ ላይ ያለው ዕጢ የቆየ ነው» አላት። «ደረቅ ነገር መዋጥ ካቆመች ወራት አልፏታል። ለመሆኑ ማን ነበር የሚያስታምማት?»

ጥድፌ በልቧ ሰው ቆጠረች። እሷ ማስተርሷን እየተማረች ነው። አክስቷ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ግን አታውቅም። ጎረቤት አያውቅም። ደንበኞች አያውቁም። አንዲት ሴት በሰው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ ለወራት ስትራብ ያየ የለም። ከቀብር መልስ ጀምሮ ጥድፌ እንግዳ ሁሉ ላይ እየዞረች የምትጠይቀው ለዚህ ነው። የሚያውቅ ሰው ብታገኝ ምን እንደምታደርገው ግን አላሰበችበትም። ምናልባት ታንቀዋለች።

«እኔ ላይ ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለች አክስቷ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ብትከሳ አላይም ነበር? ልብሷ እኮ ሁልጊዜ ልክክ ያለ ነበር። ሰው ሲከሳ ልብስ ይሰፋዋል።»

«ልብስ ሰፊ ናት አክስቴ! ልብስ ሰፊ!»

ሳሎን ያሉት አንገታቸውን ወደ ጓዳው አሰገጉ።

ጥድፌ ይሄን ያወቀችው ትናንት ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ነው። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ገልብጣ አየቻቸው። የሁሉም ጎን ጠቧል፤ አሮጌው ስፌት ተፈትቶ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፣ ከእሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ስፌት፣ ከዚያም ሌላ። እናቷ በከሳች ቁጥር ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ልብሷን በሰውነቷ ልክ አጥብባዋለች፤ ማንም «ምን ሆነሻል?» እንዳይላት። ያ ውብ የእጅ ሥራ ጥድፌን ከሞቱ የበለጠ አናደዳት። የሰማያዊውን ቀሚስ ጎን ይዛ ለመተርተር ሞከረች። አልተረተረም። እናቷ የሰፋችው ነገር በእጅ አይተረተርም።

በስልክማ በየቀኑ ይገናኙ ነበር። «ምሳ በላሽ?» ትላታለች ጥድፌ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት እየሮጠች።

«አሁን በልቼ እጄን ታጠብኩ።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው።»

«ቪዲዮ ክፈቺና ልይሽ።»

«ፊቴን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ያው ነው። ሂጂ ተማሪ።»

ከዚያ በላይ ወሬ አልነበራቸውም። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የኖረች ሴት ናት፤ ስታወራም ስፒሉ የወጣ አይመስልም ነበር። «እም» ትላለች። «ይሁን» ትላለች። ጥድፌም እናቴ ወሬ አትወድም ብላ አምናለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት የማይታወቁ ሰዎች መጡ። አንደኛዋ ወፍራም፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሌላው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ስር ይዟል። ለየብቻ መጥተው በር ላይ ነው የተገጣጠሙት።

«አንቺ ድንች ነሽ አይደል?» አላት ሰውየው።

«ጨው አልባ! ወይ ጉድ! እኔ ቀጫጫ ሽማግሌ ትመስለኝ ነበር።»

«ሽማግሌው ላይ አልተሳሳትሽም።»

ሴትየዋ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጥድፌ ከውስጥ ሆና አየቻቸው። በእናቷ በር ላይ የሚተዋወቁ ሰዎች፣ የራሳቸው ቀልድ ያላቸው ለቀስተኞች። ደሟ ፈላ።

አክስቷ አስቀመጠቻቸው፤ ሻይና ዳቦ አቀረበችላቸው።

«በስልክ ነው የምንተዋወቀው» አለች ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች። «‹ምሳ ምን ነበር› የሚባል ግሩፕ አለን። የበላነውን እንጽፋለን። እኔ ማንም ምን ልሥራ ብሎ ሲጠይቅ ‹ድንች ጨምሩበት› ስለምል ድንች አሉኝ። እሱ ሐኪሙ ጨው ከልክሎት በየቀኑ ሲያማርር ነው የሚውለው።»

«ደረቅ ዳቦ ብትበላም ትጽፋለህ» አለ ጨው አልባ። «ከዚያ ስለ አማት፣ ስለ ምራት፣ ስለ ልጅ እንዲሁ እናወራለን። መርፌ ነበረች ዋናዋ።»

«መርፌ ማን ናት?» አለች ጥድፌ።

«እናትሽ ናታ!» አለች ድንች። «እንዴት ያለች ተረበኛ! በሳቅ ስንፈርስ ነበር የምንውለው። ዝም ስትለን ጊዜ ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ እኚህ እህቷ አንስተው ነገሩኝ።»

ተረበኛ። ጥድፌ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰላት።

ጨው አልባ ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «አለቃስ? ተኝቷል?»

«የቱ አለቃ?»

«ሕፃኑ ነዋ።»

ድንች ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ስሚኝ እህቴ፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ዝም ልበል ብዬ ነበር፤ አልችልም። እኔ አንቺን ተቀይሜሻለሁ። ትምህርት ጥሩ ነው። ግን አራስ ልጅ ለአሮጊት እናት ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ሌሊት ተነሺ፣ አብስዪ፣ ፍጪ፣ አጥልዪ! ሴትየዋን የገደላት ድካም ነው፤ ሌላ አይደለም!»

ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ጥድፌ ዞረ።

«እኔ ልጅ የለኝም» አለች።

«እንዴት ልጅሽን ትክጃለሽ?»

«የለኝም አልኩዎት! አልወለድኩም! አርግዤም አላውቅም! ማን ነው እዚህ ቤት መጥቶ...» ድምፅዋ ጣራውን ነካ። አክስቷ ትከሻዋን ያዘቻት፤ ጥድፌ እጇን ከላይዋ ወረወረችው።

«እውነቷን ነው» አለች አክስቷ ግራ ገብቷት። «ይህ ቤት ሕፃን አይቶ አያውቅም፤ ከእሷ ወዲህ።»

«መርፌ ነገረችን እኮ» አለ ጨው አልባ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ‹ጥርስ ለሌለው ሰው ምን ይሠራል?› ብላ ጠየቀች። ድንች ወዲያው፣ ‹እልልል! ልጅሽ ወለደች!› ብላ ጻፈች። ሁላችንም እንኳን ደስ ያለሽ አልን። መርፌ ብዙ ቆየችና...»

«‹አዎ› አለች» ብላ ጨረሰችለት ድንች። «‹አዎ፣ በጣም ኃይለኛ አለቃ መጥቶብኛል› አለች።»

ጥድፌ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቁጣው አልበረደም፤ ቦታ ብቻ ያዘ። ስትፈልገው የነበረው ሰው መጥቷል። ሁለት ሆኖ፣ የሕፃን ስጦታ ይዞ።

«ምን ምን አለቻችሁ? ሁሉንም። አንድም እንዳይቀር።»

ተያዩ። ከዚያ ድንች ጀመረች፤ ድምፅዋ በየዓረፍተ ነገሩ እያነሰ። አለቃ ካሮት ተፋ። አለቃ ትኩስ አይወድም፣ ቀዝቀዝ ሲል ይወስዳል። አለቃ ክብደት አልጨምር አለ። አለቃ ካላስደገፉት አይተኛም።

«ድምፁስ?» አለች ጥድፌ።

«ምን?»

«ድምፁ ሻክሯል አላለችም?»

«ብላለች» አለች ድንች። «አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ሻከረ ብላናለች። እኔም ጉንፋን ነው አልኳት...»

እዚህ ላይ ድንች ገባት። ጥድፌ ሲገባት አየች፤ ትልቁ ፊት ከላይ ወደ ታች ቀለሙ ሲሄድ። ጨው አልባ ቀድሞ ገብቶት ኖሮ ዓይኑን ጥቅሉ ላይ ተክሏል።

«አዎ፣ ጉንፋን» አለች ጥድፌ። «ለእኔም እንደዚያ ነው ያለችኝ። እናንተ በየቀኑ ስለ ምግብ የምታወሩ ሰዎች፣ ወር ከወር የማያድግ ሕፃን አይገርማችሁም? ጥርስ አያበቅል፣ አይድህ፣ የሚበላው እያነሰ የሚሄድ ሕፃን? አንዳችሁ ፎቶውን አትጠይቁም?»

«ጠየቅን» አለ ጨው አልባ። «‹ፊቱን ምን ታደርጉታላችሁ› አለች።»

ጥድፌ ልትጮህ ከወንበሯ ተነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያንን ቃል ታውቀዋለች። እሷም ሰምታው «እሺ» ብላ ስልኳን ዘግታለች። የአንድ ሴት ውሸት ለሁሉም እኩል ተከፋፍሏል፤ ለእነዚህ ግን ቢያንስ ከእውነቱ ቀላቅላ ሰጥታቸዋለች። ለምን ለእነሱ? ለምን ለማታውቃቸው ሰዎች? እናቷ ፊቷ ብትቆም ኖሮ ጥድፌ ይሄኔ በቁጣ ይዛ ትንጣት ነበር።

«ትስቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ፤ እንደ ስድብ አድርጋ።

«እኔ እቀልድ ነበር» አለ ጨው አልባ። «‹አለቃን ንገሪው፣ እኔም ጨው የለኝም፣ እሱም ጥርስ የለውም፤ ተባብረን አንድ ሰው እንሆናለን› ብዬ ጽፌላት ‹አለቃ ሳቀ› አለችኝ። ‹ትን እስኪለው ሳቀ።›»

ትን እስኪለው። ጥድፌ ቃሉ ላይ ቆመች።

«ትን ይለው ነበር?»

«መጨረሻ አካባቢ አዎ» አለች ድንች። አሁን ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ነው የምትናገረው። «በጣም። ውሃም ቢሆን። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ልጆች ያሳደግኩ ነኝ፣ ነገርኳት። አጎንብሰሽ ያዢውና በመዳፍሽ ጀርባውን መታ መታ አድርጊለት፣ በትከሻና በትከሻው መሃል፣ ከታች ወደ ላይ አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

ድንች ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አለች ነው የምልዎት!»

«‹እጄ አይደርስም› አለች።»

ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠች። አክስቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወደ ታች ተንሸራተተች።

«እኔ ምን ብዬ ጻፍኩላት መሰለሽ?» አለች ድንች። «ቀልድ መስሎኝ! ‹አለቃሽ ከአንቺ በለጠ ማለት ነው!› አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።»

ጥድፌ ቀኝ እጇን አንስታ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ሰደደችው። ጣቶቿ የአንገቷን ሥር አልፈው ቆሙ። ክርኗን በሌላው እጇ ገፋችው፤ ትንሽ ወረደ እንጂ ቦታው ጋ አልደረሰም። እጇን መለሰችና በታች በኩል፣ በወገቧ ዞራ ሞከረች። አሁንም አልደረሰም። እንግዶቹ የሚያዩትን አያውቁም ነበር፤ አንዲት ልጅ በለቅሶ ቤት መሃል ወንበር ላይ ተጣማ፣ ፊቷ በንዴት ቀልቶ፣ የገዛ ጀርባዋን ትዳስሳለች። በግራ እጇ ሞከረች። እልህ ያዛት። የሸሚዟ ብብት ቀጭ ብሎ ተተረተረ።

«ተዪው ልጄ» አለች አክስቷ ከወለሉ ላይ።

አልተወችም።

ድንች ተነሳች። ከባድ ሰውነቷን በወንበሮቹ መሃል አሾልካ ከጥድፌ ጀርባ ቆመች። ጥድፌ ማንነቷን ሳታይ አወቀች፤ ከቀብሩ ጀምሮ የነካትን እጅ ሁሉ ወርውራለች፤ ይሄንንም ልትወረውር ትከሻዋን አጠነከረች።

ሰፊው መዳፍ በትከሻና በትከሻዋ መሃል አረፈ። መታ አደረጋት። እንደገና፣ ከታች ወደ ላይ።

ጥድፌ አንድ ጊዜ አሳላት። ከዚያ እጇን ከጀርባዋ አወረደች፤ ለመዳፉ እንዲመች ጎንበስ አለችለት።