እስኪመራረቁ የተያዘ መስመር

የሞላሌ በግ ገበያ ሽያጭ የሚመዘገብበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ድርቅ ይል ነበር። ፕሮግራሙን የሠራችው ሰሚያ ከደብረ ብርሃን ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መዝገቡ ወደሚቀመጥበት ዳታቤዝ የሚያስገቡትን ሃያ መስመሮች ሽያጭ ለሚመዘግቡት የገበያው ጸሐፊዎች ተራ በተራ የሚያድለው ፑለር የሚሉት ነገር፣ «ሃያውም ተይዘዋል» ይላታል፤ ሥራ የሚሠራባቸው ግን የለም። ሠላሳ አደረገቻቸው። ሠላሳውም ተያዙ።

በአራተኛው ቅዳሜ ላፕቶፗን በንዴት ከድና ከጸሐፊዎቹ ታላቅ ከእትዬ ሸዋረግ ጎን ተቀመጠች። ሻጭና ገዢ በዋጋ እየተከራከሩ መጡ። እትዬ ሸዋረግ «አዲስ ሽያጭ» የሚለውን ተጭነው ቁጭ አሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ሌሎች መጡ፤ ለእነሱም ሌላ ከፈቱ።

«ለምን አይመዘግቡትም?» አለች ሰሚያ።

«ሻጭና ገዢ ተስማምተው ሳይመራረቁ? ነውር ነው! መዝገብ ሳይከፍቱላቸው ማስጠበቅም ንቀት ነው።»

ሰሚያ ክው አለች። ያ ቁልፍ ሲነካ አንድ መስመር ይያዛል፤ ምርቃቱ እስኪያልቅም አይለቀቅም። እዚያው ላፕቶፗን መልሳ ከፍታ፣ መስመር የሚያዘው «መዝግብ» ሲባል ብቻ እንዲሆን አስተካከለች። ከሰዓት በኋላ ገበያው ደርቶ እንኳ ከአራት መስመር በላይ አልተያዘም።

ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመች። «አላህ ይስጥልኝ እትዬ! ምነው ቀድመው በነገሩኝ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዕለት። ‹እትዬ፣ ይሄ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው› አልሽኝ።»

ሰሚያ አንገቷን ደፋች። ከዚያ የጥገናውን ሪፖርት አወጣችና «ችግሩን ያገኘው ባለሙያ» ከሚለው ፊት የራሷን ስም ሰርዛ፣ «ሸዋረግ ቢያድግልኝ» ብላ ጻፈች።