ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ

ታናሽ ወንድሜ ግትር ነው፤ እኔም አላንስም። ጦርነቱ ሲከፍለን እሱ ከዚያኛው ወገን ነርስ፣ እኔ ከዚህኛው የሬዲዮ ሠራተኛ ሆንን። ያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻዋን የተከበበች ከተማ ስጠራ ማን ቢመልስልኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ?»

ወንድሜ ነው! የሬዲዮ ሠራተኛቸው ቆስሎ እሱ ተተክቷል ማለት ነው። አዛዡ አጠገቤ ስለቆመ ስሜቴን ዋጥ አድርጌ የታዘዝኩትን አነበብኩ። «እስከ ስድስት ሰዓት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እጅ ስጡ። አለዚያ መድፍ ይተኮሳል።»

«አለቆቼ እሺ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ፤ ቁስለኞቼ ቀድመው ይውጡ። የሆስፒታሉ ምድር ቤት ሞልቷል፣ ውሃ አልቋል።»

አዛዡ ጮኸ። «አንድም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ ነው! ባለፈው ተደራድረን አይደል ዛሬ ዳግም የምንዋጋው?»

እውነቱን ነው፤ ግን ወንድሜ ያለው እዚያ ምድር ቤት ነው!

«ጌታዬ፣ እጅ ከሰጡ በኋላ የሚታዘዙት እርስዎን አይደል?»

«እኔን ነዋ!»

«የመጀመሪያው ትእዛዝዎ ምን ይሆናል?»

ፊቱን አዞረ። «ያኔ ይታያል። በሬዲዮ ግን አንዲት ቃል እንዳትሰጪ!»

ሰዓቱ እየገፋ ነው። መድፈኞቹ ጆሯቸውን በጥጥ እየደፈኑ ነው። ማይኩን ጨበጥኩ።

«ስማ አንተ ግትር! ምንም አትጠይቁ። ዝም ብላችሁ ውጡ።»

«ቁስለኞቼስ? ቃል ስጪኝ፣ እትዬ።»

«ቃል ከሰጠሁህማ ቅድመ ሁኔታ ሆነ! ልጅ ሆነን ከአጥሩ ላይ ዝለል ስልህ፣ ‹ትይዥኛለሽ ወይ?› ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሰዓቴን አየሁ።

«ጠይቄሽ አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ዛሬም ዝለላ!»

ሬዲዮው ተዘጋ። ሞቼ ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ ከከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ላይ ነጭ አንሶላ ተውለበለበ! እልል አልኩ፤ መድፈኞቹም ጥጣቸውን አውጥተው ጨፈሩ። እኔ ግን ዓይኔን ከአዛዡ አልነቀልኩም።

አንሶላውን ለረጅም ጊዜ አየ። «የመጀመሪያ ትእዛዝ!» አለ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ። «ቁስለኞች ቀድመው ይውጡ! አምቡላንሶች፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከአምቡላንሶቹ ኋላ በሩጫ ሄድኩ። ወንድሜ የቃሬዛ ጫፍ ይዞ ወጣ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ የውሃ ኮዳዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

ፊቱን አዞረ። «መጀመሪያ ለእነሱ።»

«ኧረ ይሄ ሰው! ዛሬም ቅድመ ሁኔታ?» አልኩና፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ኮዳውን ቃሬዛው ላይ ለተኛው ሰጠሁት።