ከመጨረሻው ዘፈን ቀጥሎ

ባህሩ ሮቤ ገበያ ዳር ካሴት ቤት ሲከፍት ሰው የመጣው ዘፈን ሊገዛ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን ድምፁን ሊያስቀዳ የሚመጣው በለጠ። ልጁ አሰብ ወደብ የሚሠራ፣ ወንድሟ ለትምህርት ኩባ የሄደ፣ ናፍቆት ያንገበገበው ሁሉ ይመጣል። ደብዳቤ በሰው እጅ ተጽፎ በሰው ዓይን ይነበባል፤ ጸሐፊውም አንባቢውም ገመናህን ተሸክመው ከተማውን ይዞራሉ። ካሴት ግን ከአፍህ ወጥቶ ዘመድህ ጆሮ ይገባል፣ መሐል ላይ ማንም የለም። እንዲህ ነበር የሚታመነው።

ባህሩም እምነቱን በሥርዓት ይጠብቅ ነበር። ከቡታጅራ ወገን የመጣ ነጋዴ ነው፣ የሰው ምሥጢር እንደ አደራ ዕቃ ነው ተብሎ ያደገ። ባለጉዳዩን ቴፑ ፊት ያስቀምጣል፣ ቀይዋን ቁልፍ ይጫናል፣ በሩን ዘግቶ ይወጣና ደጅ ቆሞ የሮቤን ንፋስ ይጠጣል። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ "እዚያ ቤት ውስጥ ሰዉ ምንድነው የሚናገረው?" ብሎ ጠየቀው።

"እኔ እንጃ ጓድ ሊቀ መንበር። እኔ የማውቀው ደጁ እንደሚበርድ ብቻ ነው።"

እውነቱን ነበር። ሊቀ መንበሩም አብሮት ደጅ ሊቆም ሞክሮ፣ ብርዱ ጆሮውን ሲቆነጥጠው ነገሩን ተወው።

ባህሩ አንዲት ጉድለት ነበረችበት፤ ቆጣቢ ነው። ሰው ሲናገር ይደነቃቀፋል፣ አዲስ ካሴት ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ንግግሩን አስቀድሞ በአሮጌ ካሴት ይቀዳና ባለቤቱ ሰምቶ "ይሁን" ሲል ወደ አዲሱ ይገለብጠዋል። አሮጌው ላይ በኋላ ዘፈን ይቀዳበታል፤ ዘፈኑ ሲገባ የፊተኛው ድምፅ ይጠፋል። ዘፈኑ ካጠረ ግን መጨረሻው ላይ የድሮው ንግግር ጭራ ይቀራል። ይህን ካሴት የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባህሩም ያውቀው ነበር፣ አንድ ቀን ረሳው እንጂ።

የተረሳው የእትዬ ወርቂቱ ድምፅ ነበር። እትዬ ወርቂቱ ከሪራ ማር እያስመጡ ሮቤ የሚሸጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ዓመታት ያለፉ፣ ለሳቅ የማይሰስቱ ሴት ናቸው። ባህሩ አገሩን ሲናፍቅ ሱቃቸው ሄዶ ይቀመጣል፤ እሳቸውም "ከስተሃል" እያሉ ማር በማንኪያ ያቀምሱታል። እንደ እናቱ እህት ይወዳቸው ነበር። አሰብ ላለው አንድ ልጃቸው ለሁንዴ ሊያስቀዱ መጡና ውስጥ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። "ይሁን፣ ላክልኝ" አሉ። ካሴቱም በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ሄደ።

ወር ሳይሞላ ሱሌይማን ካሴት ቤቱ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ሱሌይማን ከሮቤ ጎባ ላንድሮቨር የሚነዳ የባህሩ ወዳጅ ነው።

"ወላሂ ባህሩ፣ ዘንድሮ ጉድ ሠራህ!" አለና አንድ ካሴት ዘረጋለት። ባህሩ በአሮጌ ካሴት ላይ ቀድቶ ራሱ እያባዛ የሸጠው የጎባ የሰርግ ዘፈን ነው። "ሁለተኛውን ጎን አጫውተህ መጨረሻውን ስማ።"

የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ትንሽ የካሴት ሽሽታ፣ ሽ... የሚል፣ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ ወርቂቱ ድምፅ፣ እዚያው አጠገባቸው የተቀመጡ ያህል፣ እንዲህ አለ፦

"... እና ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ጉተማ ለትዳር ጠይቆኛል። የወፍጮ ቤቱ ጉተማ። አንተ እሺ ሳትል እሺ አልለውም፣ ቃሌ ነው። ግን ወድጄዋለሁ። አሮጊቷ ምን ነካት አትበለኝ፣ ልጄ። የሮቤ ብርድ ባንድ ሰው ብርድ ልብስ አይቻልም።"

ባህሩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ደጅ ቆሞ የጠበቀውን ነገር፣ ራሱ እያባዛ ከሮቤ እስከ ጎባ በትኖታል!

"ስንት ሰው ሰማው?"

"መኪናዬ ላይ የተሳፈረ ሁሉ። ግን ማንም አልሰማም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"የመጀመሪያ ቀን ጎባ ልንገባ ስንል ድምፃቸው መጣ። የቴፔ ማጥፊያ እንደሆነ ተሰብሯል። እኔ መሪ ይዤ ስንቆራጠጥ፣ ኦቦ ረጋሳ ከሮቤ ጀምረው ጭን ለጭን ገጥመው የተቀመጡትን ሰውዬ ዞረው፣ 'አካም ጅርታ? ፈያዳ? ነጋዳ?' አይሏቸው መሰለህ! በድንበር ተጣልተው ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩትን ሰውዬ! ሰውዬውም ገባቸው። 'ነጋ! ሎን ነጋዳ? ኢጆሌን ነጋዳ?' እያሉ ከብቱን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ደኅና ነው ወይ ተባባሉ። መኪናው በሙሉ ተቀበላቸው። ሰላምታው ሲያልቅ የእትዬም ድምፅ አብሮ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ተሳፋሪ ሁሉ እንደ አዲስ ሰላም ይባባላል።"

ባህሩ መሳቅም ማልቀስም ቃጣው። "እና ይህን ካሴት መጣል አቅቶህ ነው?"

"ዘፈኑ ጥሩ ነዋ!" አለ ሱሌይማን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ሰው ብቻ ሰላም ያላለ ነበር። ኦቦ ጉተማ። የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ጎባ ስንደርስ አንገታቸውን ደፍተው ወርደው ሄዱ።"

ባህሩ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ካሴቶቹን ሊሰበስብ ወጣ። ሮቤን ጨርሶ ጎባ ተሻገረ። የሚገርመው፣ የሰማ ሰው አላገኘም። አንዱ የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ቴፔ እዚያ ድረስ አይጫወትም አለ። ሌላው ሁለተኛውን ጎን አልወደውም አለ። ካሴቱን ግን ሁሉም ያለ ጥያቄ አስረከበው። አልሰጥም ያሉት ጎባ ጠጅ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ሙሉሃብት ብቻ ናቸው።

"ዘፈኑን እወደዋለሁ። ሲያልቅ ቆሜ አጠፋዋለሁ፤ እኔ እያለሁ ጠጪ አንድ ቃል አይሰማም። ይልቅ ለወርቂቱ እንዳትነግራት። አላወቀች፣ ምን አስጨነቀህ?"

ሱሌይማንም፣ "አላህ የሸፈነውን አንተ ማን ነህ የምትገልጠው?" አለው። ባህሩ የሱሌይማንን ካሴት መሳቢያ ውስጥ ትቶ የሰበሰባቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ ቴፑ ውስጥ እየከተተ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝምታ ቀዳባቸው። ነገሩ በዚሁ የሞተ መሰለው።

አልሞተም። እትዬ ወርቂቱ ከአሰብ መልስ መጥቶ እንደሆነ ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ፊታቸው ከስቷል። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና ነገሩን እንደ ዋዛ፣ "ያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ሰላም የማይለው?" አሉ። "መንገድ ላይ ሲያየኝ ይታጠፋል። ላስፈጭ ብሄድ ጀርባውን ሰጥቶ ከሞተሩ ጋር ያወራል። አሞት ነው ወይስ ጠግቦ?" ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ አልመጣም።

ባህሩ ያን ጊዜ ገባው። ኦቦ ጉተማ ለእሳቸው ያልተላከ ቃል ሰምተዋል። ሴቲቱ ሳይሰጧቸው እሺታቸውን እንደሰረቁ ቆጥረውት ዓይናቸውን ማየት አፍረዋል። እትዬ ወርቂቱ ደግሞ ተጣልኩ ብለው እየከሱ ነው። ከተማው በፍቅር ሸፈነ፣ ሽፋኑ ግን የተሸፈነችውን ሴት አንቆ ሊገድላት ነው።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለና ሁሉንም ነገራቸው። ቢጮኹበት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበሩን ወደ ቴፑ ሳቡት።

"አጫውተው" አሉ።

የሱሌይማንን ካሴት ከተተና እንደ ልማዱ ወደ በሩ ሄደ።

"ወዴት ነው? አገር የሰማውን አንተ ልትወጣለት ነው?"

ተመልሶ ቆመ። እትዬ ወርቂቱ የገዛ ድምፃቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ብርድ ልብሱ ጋ ሲደርስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ።

"ከዚህ በፊት ያለውስ? ስለ ሁንዴ አባት የተናገርኩት?"

"ዘፈን ገብቶበታል፣ ጠፍቷል።"

"ምንም አልቀረ?"

"ምንም።"

ከሆዳቸው ተነፈሱ። "እሱ የኔና የልጄ ነው። እሱ ወጥቶ ቢሆን ካገር እጠፋ ነበር።" ቀጥለውም፣ "ሰዎቹ ሲሰሙ ምን አሉ?" ብለው ጠየቁ። ባህሩ የሰላምታውን ነገር አወራላቸው። "ረጋሳ? ያንን የድንበር ባላንጣውን?" አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ተነሡ። "አንተን ግን ይቅር አላልኩህም። እስከ ፋሲካ አላናግርህም። እስከዚያ እየከሳህ ጠብቅ።"

ኦቦ ጉተማ ጋ አልሄዱም። ልጄ እሺ ሳይል ብለዋል፣ ቃላቸው ቃል ነው።

የአሰቡ ካሴት በዐቢይ ጾም መጣ። ባህሩ ሱሌይማንን ልኮ አስጠራቸው። መጡ፤ ፋሲካ ስላልደረሰ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በጣታቸው ወደ ቴፑ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ አመለከቱት። ባህሩ ለመንገደኛ ዘፈን ወደሚያሰማው የደጁ ድምፅ ማጉያ የሚሄደውን ሽቦ ነቅሎ እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸውና ወጣ። ብርዱን እንደዚያ ቀን ወዶት አያውቅም።

እትዬ ወርቂቱ ሲወጡ ሽቦውን መለሱለትና ቀጥ ብለው ወደ ወፍጮ ቤት ተሻገሩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰልፈኛው እህሉን ተሸክሞ ቆሟል፣ ሞተሩ ይጮኻል። ኦቦ ጉተማ ሲያዩዋቸው ሊዞሩ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዟቸውና ጆሯቸው ሥር ተናገሩ። ሰልፈኛው ሁሉ አንገቱን ቢያሰግግም ወፍጮው ምንም አላሰማ። ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። የታየው፣ ኦቦ ጉተማ እህል መጨመሩን ረስተው ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ነው።

ሰርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። ሁንዴ ከአሰብ መጣ። ወይዘሮ ሙሉሃብት ያንን አልሰጥም ያሉትን ካሴት ይዘው መጥተው ዳሱ ውስጥ አስጫወቱት፤ ሰው ጨፈረ፣ ላብ በላብ ሆነ። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ሽሽታው ተሰማ። ሱሌይማን ወደ ቴፑ ዘለለ። ኦቦ ረጋሳ ካንድ ትሪ ሲበሉ ወደ ቆዩት የድንበር ጎረቤታቸው ዞረው፣ "አካም ጅርታ? ፈያዳ?" አሉ፣ ዳሱ ሁሉ እየተቀበለ ሰላም ይባባል ጀመር። ሁንዴ አገሩ ያበደ መስሎት ዓይኑን አፈጠጠ።

"ዝም በሉ!" አሉ ሙሽራዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። "ሱሌይማን፣ እጅህን አንሳ። ድምፁ የኔ ነው፤ ዛሬ ፈቅጃለሁ። ስሙት!"

ዳሱ ጸጥ አለ። ባህሩ ከልማዱ የተነሣ እግሩ ወደ በሩ ሲሄድ አገኘውና ቆመ። ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ ብርድ ልብሱ ተናገረ፣ እልልታው ዳሱን ሊነቅለው ደረሰ።

እልልታው በረድ ሲል ኦቦ ጉተማ፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ሰላምታ የነሱት ሰው፣ ወደ ሙሽራዋ ዞሩ። ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀልተው ነበር።

"አካም ጅርታ፣ ወርቂቱ?" አሉ በሰው ሁሉ ፊት። "ፈያዳ? ነጋዳ?"

"ነጋ" አሉ እትዬ ወርቂቱ። "ኢጆሌን ነጋዳ? ወፍጮውስ ደኅና ነው?" ሰላምታውን አንድም ሳያስቀሩ እስከ መጨረሻው ተባባሉት፤ ሰውም ሁሉ ሰማ።